ጠርሙሱ ከዳሱ ደጅ

መርሳ፣ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

የወንድሜ ልጅ ገነት እሁድ ዕለት ተዳረች።

ውድ አብዱልሐሊም፣

ለሰርጉ ያልጠራሁህ ረስቼህ አይደለም። ይህን የምጽፍልህ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ዕቃ ጠባቂው አበባው ለሰርጉ የተዋስነውን ሳህን እየቆጠረ ይረከበኛል። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ከአንድ ጀምሯል፤ ስለዚህ ጊዜ አለኝ።

አምና ግራና ተዝካር ደርሰን ስንመለስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አንተ ጎኔ ነበርክ። መርሳ መግቢያ ላይ ትራፊኩን ከሩቅ ሳየው «ቶሎ በል፣ ቦታ እንቀያየር» አልኩህ።

«ወላሂ አላደርገውም! ግራና ላይ ቁልፉን ስጠኝ ስልህ እምቢ ብለህ፣ አሁን?»

ትራፊኩ የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያውን አፌ ላይ ደቀነው። «ይንፉ ጋሼ።»

«የጠጣሁት እኮ ጠላ ነው።»

«መሣሪያው ጠላ ይሁን ውስኪ አይጠይቅም። ይንፉ።»

ነፋሁ። መቀጮ ከፈልኩ። መንጃ ፈቃዴ ለወራት ታገደ። ስልጠና ገብቼ ልጆቼ ከሚሆኑ ሹፌሮች ጋር ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። አሰልጣኟ «በድጋሚ የተያዘ ቅጣቱ ይከብድበታል» ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ይህን ታውቃለህ። «አብዱልሐሊም ለትራፊክ ደውሎ አስያዘኝ» የሚለውን ወሬ መናኸሪያ ውስጥ የነዛሁት ግን እኔ ራሴ ነኝ። ሹፌሮቹ ሰላምታ ነሱህ፤ አንተም መኪናህን ይዘህ ወልድያ ገባህ። ያን ቀን ከኋላችን አሥራ አንድ ሰው ተሳፍሮ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

እሁድ ሙሽራዋን አጅበን ግራና ሄድን። አጃቢዎቹን የምመልሰው እኔ ነኝ። የሙሽራው አባት አቶ ተስፋዬ ዳሱ በር ላይ አረቄ ይዘው ጠበቁኝ።

«ሹፌር ነኝ» አልኳቸው።

«ማን ሹፌር አለዎት? ዘመድ ነዎት እንጂ! ልጅ ሰጥተው አፍዎን ይነፍጉናል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እምቢ ብል ዝምድናውን የናቅሁ ይመስላል፤ እሺ ብል መንጃ ፈቃዴን ልሰናበተው ነው። «ወዲያ ያሉትን ሰላም ብዬ ልምጣ» አልኩና ቀጥ ብዬ ለሙስሊሞቹ እንግዶች ወደተጣለው ዳስ ገባሁ።

እህትህ ናጅዋ ሻይ ትቀዳለች።

«ካሳዬ! መቼ ሰለምክ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው። ሥጋችሁን አልበላም፤ ሻይ ስጪኝ።»

ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ብዙም ሳልቆይ አቶ ተስፋዬ ጠርሙሱን እንደያዙ መጥተው ደጁ ላይ ቀጥ አሉ። እዚያ ዳስ አረቄ እንደማይገባ አሳምረው ያውቃሉ።

«ይውጡ እንጂ!»

«እርስዎ ይግቡ!»

«ጠርሙሱንስ?»

«ውጭ ያቁሙት» አለች ናጅዋ። «ከኛ ወገን የሚነካብዎት የለም።»

ትንሽ አሰቡና ጠርሙሱን ከዳሱ ምሰሶ ሥር አቁመው ገቡ። ሦስት ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጣን። ስለ ማሽላ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገብ ሕመም አወራን። ዝምድናው ምንም አልጎደለበትም። ሲወጡ ጠርሙሱ የለም። የኛዎቹ ወስደውታል።

አቶ ተስፋዬን ልከተል ስል ናጅዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«የወንድሜን ስም አጥፍተህ፣ ሰርግ ሳትጠራው፣ እኛ ዳስ ትደበቃለህ። አታፍርም?»

«አፍራለሁ።»

«እኔ ምን ላድርገው? ለሱ ንገረው።»

ስንመለስ መርሳ መግቢያ ላይ ያው ትራፊክ አስቆመኝ። ነፋሁ። መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፤ እንደገና አስነፋኝ።

«ሰርግ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ። ሻይ ጠጣሁ።»

ሴቶቹ ከኋላ እልልታውን አቀለጡት። ለገነት እንኳ እንደዚያ አላሉም። ትራፊኩም ሳቁ መጣበትና በእጁ እለፉ አለን። ሳቁ ግን ደስታዬን ሙሉ አላደረገልኝም፤ የናጅዋ ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ይህን ወረቀት ያወጣሁት ዓይንህን ላለማየት ነበር። እዚህ ደርሼ ሳነበው ግን አይበቃም። ያን ወሬ ያወራሁት በአፌ ነው፣ በሰው ፊት። አሁን ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ የወልድያ መስመር ሹፌሮች ተራ እየጠበቁ መናኸሪያ ተሰብስበዋል። መጀመሪያ እነሱ ፊት ቆሜ መዋሸቴን እናገራለሁ። ይስቁብኝ። ከዚያ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ አንተ ጋ እመጣለሁ። ይቅር ማለት ወይም አለማለት ያንተ ፋንታ ነው፤ በር ላይ ብታቆመኝም እቆማለሁ።

አበባው «ወዴት ነው? ብርጭቆው አልተቆጠረም እኮ!» ይላል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው፤ እኔ ተነስቻለሁ።

ካሳዬ