ጥንቸል ያለባት ጠመንጃ

መቱ፣ 1954 ዓ.ም.

መስከረም 28

ዝናቡ አላባራ አለ። ጠመንጃዎቼን አውርጄ ስወለውል ዋልኩ። አራቱም የአየር ጠመንጃ ናቸው፤ ጥይት አይተኩሱም፣ ወፍ ቢገድሉ ነው። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ!

ሦስቱ መላጣ ናቸው። ፋብሪካው ብረታቸው ላይ የጻፈው ጠፍቷል። አራተኛዋ ግን... ጎሬ ከነበረው ግሪክ ነጋዴ ስንት ጊዜ ለምኜ ያገኘኋት! ፊደሏ ሙሉ። ከፊደሉ ሥር የምትሮጥ ጥንቸል፣ ከፀጉር በቀጠነ መስመር። በጥፍር እንኳ አልነካትም። ዱቄት ነስነስ አድርጌ እፍ ስል ጥንቸሏ ነጭ ሆና ብቅ ትላለች።

የጎሬው ፈንታሁን፣ እንደኔው ሰብሳቢ፣ "ካላየሁ አላምንም" ብሏል። ይምጣና በቅናት ይረር።

ጥቅምት 6

ነገ ወደ ዳሪሙ፣ ለቡና ግዢ። ጎረቤታችን ፉፋ ታሟል። በአጥሩ በኩል "እንዴት ነህ?" አልኩት። "አለሁ ጋሼ።" ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም።

ጥቅምት 14

ተመለስኩ። ፉፋ ሞቶ ተቀብሯል። ነፍሱን ይማር።

ግድግዳው ላይ አንዱ ችንካር ባዶ ነው!

"ዘውደነሽ! ጠመንጃዋስ?" አልኳት ሚስቴን።

"ለፉፋ ለቅሶ ሰጠኋት።"

ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ይወጣል፣ አልቃሹ ከፍ አድርጎ ይይዝለታል። አውቃለሁ። የፉፋን ጠመንጃ ጣሊያን ስለቀማው፣ ሌላ ሳይገዛ ኖረ። ይህንንም አውቃለሁ። ሚስቱ ዲሪቤ "ባዶ እጁን አይሸኝብኝ" ብላ ለመነች አሉ። እሺ! ግን ሦስት መላጣ ተሰቅሎ እያለ ያቺኑ?

"ምርጧን ነው የሰጠሁት። ለሟች ውራጅ ይሰጣል?"

በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

ጥቅምት 15

ዲሪቤ መለሰቻት። በነጠላ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ይዛ።

"ጋሼ፣ እንዲያው አልመለስናትም። ዝጋ ነበር። በአመድ፣ በሎሚ፣ ከዚያ በአሸዋ አሸናት። ጭረት ነበረባት እኮ፣ ሁሉም ጠፋላችሁ!"

ጭረት...

ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። እሷም ታበራለች፣ ከቀብሩ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ይህ የመጀመሪያው ይሆናል። "ደግ አደረጋችሁ" አልኳት መሰለኝ።

ስትወጣ ዱቄት ነሰነስኩ። እፍ አልኩ። ምንም የለም። እንደገና ነሰነስኩ። አራተኛዋም መላጣ!

ጥቅምት 19

ከዘውደነሽ ጋር አልነጋገርም። ምሳዬን ታስቀምጣለች፣ እበላለሁ፣ ያው ነው። በማን ልናደድ? በሟች? በሎሚ? በአጥሩ በኩል ዲሪቤ ሰላም ስትለኝ ደሜ ይፈላል፤ "እግዜር ይመስገን" እላለሁ። ውሸታም!

ኅዳር 16

ዲሪቤ መጣች። የአርባው ተዝካር ከነገ ወዲያ ነው። የፉፋ ወንድሞች ከሁሩሙ ይመጣሉ፤ ጠመንጃዋ አልጋው ራስጌ ብትቆም... "ውሰዷት!" አልኩ ጮክ ብዬ። ከእንግዲህ ምን ያደርጓታል?

ፈንታሁንም በዚያው ቀን እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ቀን ጠፍቶ!

ኅዳር 18



ፈንታሁን ከጎሬ ደረሰ። ያለ እሱ ተዝካር መሄድ ነውር ነው፣ ይዤው ሄድኩ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ቀርቦ ሰው እየበላ ነው። ፈንታሁን ገና ሳይቀመጥ ራስጌውን አየ። ተነሥቶ ጠመንጃዋን አነሣ፣ ሰበር አድርጎ አፈሙዟን ተመለከተ። ከዚያ ሳቀ። ቤቱን የሞላ ሳቅ!

"ይቺ እኮ የወፍ መግደያ ናት! በዚች ነው የተለቀሰለት?"

ወንድሞቹ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። ዲሪቤ ጭልፋዋን እንደያዘች ወለሉን አየች። ዘውደነሽ ደግሞ እኔን አየችኝ።

አንድ ወር ሙሉ በዲሪቤ ላይ የፈላው ደሜ ዞሮ እዚህ ሰውዬ ላይ ወጣ።

"አስቀምጥ!" አልኩት። "የፉፋ ጠመንጃ ናት። እያደነባት የኖረ ሰው ነው፣ አንተ ማነህና ነው የምትስቅ?"

"ሸዋንግዛው፣ ይቺ ያቺ ያልከኝ..."

"አስቀምጥ አልኩህ!"

አስቀመጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጥንቸል ያለባትስ?" አለኝ።

"ጥንቸል ያለባት ጠመንጃ ኖሮኝ አያውቅም።"

ፊቱ በራ። ነገ ጎሬ ሲደርስ ሸዋንግዛው ቀባጣሪ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ ያወራል። ያውራ! የፉፋ ትልቅ ወንድም ግን ጠመንጃዋን ከመሬት አንሥቶ፣ በጋቢው ጠርጎ፣ መልሶ ራስጌው አቆማት።

ኅዳር 19

ዲሪቤ በጠዋት ይዛት መጣች፣ በዚያው ነጠላ ጠቅልላ። ከደጅ ሳትገባ መለስኳት።

"የፉፋ ናት አላልኩም? ቤትሽ ስቀያት። በአሸዋ ግን እንዳታሺያት... በዘይት፣ በቀስታ።"

"ገላቶማ ጋሼ፣ ገላቶማ" ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችኝና አለቀሰች።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ያቺ ጥንቸል! በዓለም ላይ ሌላ ትኖር ይሆን? ምሳ ላይ ዘውደነሽ ባዶው ችንካር ላይ ጃንጥላዬን ሰቀለች። አየኋት፣ አየችኝ።

"ጨው አነሰው" አልኳት፣ ከወር ኩርፊያ በኋላ። ሄዳ አመጣችልኝ።