የኢንካ ወይዛዝርትና የእኛ ናርዶስ

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሰላምታዬን ባላስረዝም አትቀየሚኝ፤ ፈርቻለሁ። ስፈራ ወሬ እንደሚበዛብኝ ታውቂያለሽ። ብዘባርቅም በዚያ በቀይ እስክሪብቶሽ ከመሰረዝሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ዛሬም በጠዋት ቆርቆሮው ላይ ይንጎማለላሉ፤ በመጥረጊያ የሚያባርራቸው ሲያጡ ደፍረው ግቢ መግባት ጀምረዋል። ነጠላሽ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ አንድ ጫፉ እንደ ልማድሽ ተቋጥሯል። ምን እንዳትረሺ እንደቋጠርሽው አላወቅሁም፤ አልፈታሁትምም። ጽሑፎችሽን ግን አነበብኳቸው። በሕይወት ሳለሽ ማንበብ ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስታስተምሪ ዕድሜሽን የፈጀሽባቸው፣ ባልደረቦችሽ ሐዋሳንና ኢንካን ምን አገናኛቸው እያሉ የቀለዱብሽ እነዚያ ወይዛዝርት አሁን የኔም እንቅልፍ ነሺዎች ሆነዋል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሐይቁ ዳር እየሄድን ስለ እነሱ ትነግሪኝ ነበር። ሌላው ልጅ ተረት ሲሰማ እኔ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ስለነበረው የኢንካ መንግሥት እሰማ ነበር። ስፔኖች መጥተው ንጉሡን ከገደሉ በኋላ እህቶቹንና ሴት ልጆቹን ለራሳቸው ሰዎች እንዳከፋፈሏቸው፣ አጥምቀው ሌላ ስም እንዳወጡላቸው፣ ወታደሩ ኋላ ከአገሩ ከስፔን ሴት ሊያገባ ሲነሳ ከኢንካዋ የወለዳቸውን ልጆች ለአባት ወገን እንደሚያስቀር ነገርሽኝ። እናቲቱ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ይቀርብላታል። መጻፍ ስለማታውቅ ሌላ ሰው ይፈርምላታል። ለምን እምቢ እንዳላለች ስጠይቅሽ፣ የከበቧት ሰዎች ብዙ ነበሩ አልሽኝ። አሥር ዓመቴ ነበርና መልሱ አላጠገበኝም።

እማዬ፣ እኔም ፈርሜያለሁ።

ከዳዊት ጋር ትዳራችን ማለቁን አውቀሽ ነው የሄድሽው። ባረፍሽ በሦስተኛው ወር ፍቺው በሰላም እንዲያልቅ ብለው ሽማግሌዎች መጡ። ወንድምሽ ጋሼ መኮንንም አብረዋቸው ነበሩ። ተቀመጡ ብላቸው፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ቆመው እኔ እንዴት ልከራከር? ስለ ሰላም ተናገሩ፣ ያንቺን ስም አነሱ፣ በመጨረሻም ወረቀቱን ዘረጉ። ላንብበው ማለት አላምናችሁም ማለት መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ ተማሪውን ሁሉ ሳታነቡ አትፈርሙ እያልኩ የማደርቀው እኔ፣ ከጋሼ እስክሪብቶ ተቀብዬ ፈረምኩ። እሳቸው መረቁኝ፣ እኔም አሜን አልኩ።

ያነበብኩት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ለፍርድ ቤት ኮፒ ላስደርግ መሃል ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሕፃን ናርዶስ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ዲላ በአባቷ እናት ቤት እንድታድግ እናቲቱ ተስማምታለች ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። ወረፋው ወደፊት ሄዶ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ተራሽ ነው እያለ ትከሻዬን ነካኝ።

ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸውም አላነበቡትም። የጻፉት በዳዊት በኩል የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጋሼ ደግሞ የእኩዮቻቸውን ጽሑፍ መመርመር ነውር መሰላቸው። ሁላችንም ተከባብረን ልጄን ሰጠናት።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ናርዶስ ለእረፍት እዚያው ዲላ አያቷ ዘንድ ነበረች። ባይመልሷትስ? ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ደጋግሜ እደውላለሁ፤ ሲነሳ ደግሞ ነገሩን ማወቄ ከድምፄ እንዳያስታውቅ እፈራለሁ። የዳዊት እናት ክፉ ሰው አይደሉም። ልጅቷን ይወዷታል። ብቻ አንቺ ያወጣሽላትን ስም አልወደዱትም፤ ትዕግሥት ነው የሚሏት። ድሮ ስቄ አልፈው ነበር። አሁን ግን እነዚያ ሌላ ስም የወጣላቸው ወይዛዝርት ትዝ ይሉኛል፤ የመጀመሪያ ስማቸው ጠፍቶ የቀረ እንዳሉ ጽፈሻል።

አንዱ ገጽ ላይ በእርሳስ አስምረሽበታል። ጥቂቶቹ ወይዛዝርት ኋላ ላይ የድል አድራጊዎቹን ሕግ ለምደው፣ አስተርጓሚ ይዘው ችሎት ቆመው ለርስታቸው ተከራክረዋል። ያለፈውን ነገር በገመድ ቋጠሮ የሚይዙ አዛውንቶች መጥተው፣ ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይመሰክሩ ነበር። አንዳንዷ ረታች፣ ሌላዋ ተረታች። ልጃቸውን ያስመለሱ ነበሩ ወይ ብዬ ቀጣዩን ገጽ ፈለግሁ። የለም፤ አልጻፍሽውም። ወረቀቱን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግፌ ፈለግሁት።

ትናንት ናርዶስን አመጧት። መናኸሪያ ተቀብዬ በስሟ ብጠራት ዞር አላለችም። ጫጫታው ይሆናል፣ ግን ሁለቴ ጠርቻታለሁ። በባጃጅ እቅፌ ውስጥ አድርጌያት መጣሁ። ቤት ገብተን ልብሷን ስቀይርላት የሻርፗ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት፤ በትንሽ እጇ አጥብቃው በጥፍሬም አልፈታ አለኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት እጄን ያዘችኝ።

"ተይው እማ፤ ስሜን እንዳልረሳው ነው።"

አንቺ ነሽ ያስተማርሻት። ከዚያ በኋላ ማልቀሴን አልደብቅሽም።

ፍርድ ቤቱ ውሉን ለማጽደቅ ሰኞ ጠዋት ቀጥሮናል። ጋሼም መጥተው ሳያነቡ እንዳስፈረሙኝ ሊናገሩ ቃል ገብተዋል፤ እፍረታቸውን ብታዪ ታዝኚላቸዋለሽ። ዳኛው ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ የኔ ነው፣ ግን አላነበብኩትም፣ አሁን ጮክ ተብሎ ይነበብና እምቢታዬ ይመዝገብልኝ እላለሁ። ይህችን ብቻ እያልኩ ግቢ ውስጥ ስመላለስ አባ ኮዳዎቹ እንኳ ሰለቹኝ። ድምፄ ይከዳኝ ይሆን? ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ቢያዩኝ እንደገና አፍር ይሆን? አላውቅም እማዬ፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ነጠላሽን ለብሼ እሄዳለሁ። ያንቺን ቋጠሮ እንዳለ ትቼ በሌላኛው ጫፍ የራሴን ቋጥሬያለሁ። አንቺን የምረሳበት ቀን አይመጣም። እሷንም በስሟ መጥራት አልተውም፣ ዞር ብትልም ባትልም።

ልጅሽ ሳምራዊት
ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር