በሚካኤልና በማርያም መካከል ያለችው ኩርባ

ወንድምዓለም ይርጋ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ነጠላዬን መስቀልያ ለብሼ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። «የነካሽው ለታ ወዮልሽ» ያልክበትን ሽቶህን ጨርሼዋለሁ። ግማሹን ትራስህ ላይ፣ ግማሹን ራሴ ላይ። ትራስህ ላይ የረጨሁት ቶሎ ጠፋ። የንስሐ አባቴ ስግደት እንዳያዙብኝ ላንተ ብቻ ነግሬሃለሁ፤ አንተ እንደሆንክ ከእንግዲህ ለማንም አትናገርም።

ከተለየኸን አርባህ ወጣ፣ ሰማንያህ ወጣ፣ መንፈቅህም አለፈ። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመትህ ነው።

ቤታችን ትተኸው እንደሄድከው አይደለም። እማየ በደጅ ሞተር ሲያልፍ በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አታነሣውም። ያንተ ሞተር ጓሮ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ቀይዋ ዶሮ ከሸራው ሥር ገብታ ወንበሩ ላይ እንቁላል ጥላ ታቅፋለች፤ ደፍሮ የሚያስነሣት የለም። አጎታችን አያ በላቸው ለቅሶህ ላይ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት «ሞተር ማለት የሰይጣን በቅሎ ነው!» እያሉ ሲያወግዙ ዋሉ። በሠልስቱ ማግሥት መናኸሪያ የሚያደርሳቸው ሲያጡ ግን ከአንዱ ጓደኛህ ኋላ፣ በሰይጣን በቅሎ ጀርባ፣ ነጠላቸው ከኋላ እየተውለበለበ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያልፉ አየኋቸው። ብታያቸው መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ የምነግረው ሰው እንደሌለኝ ትዝ አለኝ።

ወደ ጭንቄ ልግባ። አባየ ሄልሜትህን ይዘው እየዞሩ ነው። አንዲት ጭረት የለበትም። አንተ ራስህን ተመትተህ ሞተህ፣ እሱ እንደ አዲስ እያብለጨለጨ ቤት መግባቱ አልዋጥላቸው አለ። አንድ ቀን ከሸጠልህ ነጋዴ ዘንድ ወስደውት «ልጄ ተሰብሮ ይኸ ያልተሰበረው ከምን ቢሠራ ነው?» ብለው ሰው ሰበሰቡበት። ያን ዕለት አብረውህ የነዱትንም ጓደኞችህን አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ሁሉም «እንጃ አባባ፣ አቧራው አላሳየንም» እያሉ ጫማቸውን ያያሉ።

ምናለ ግን ለእኔ ነገረኝ፤ አብሮ አደግህ ምናለ፣ ያን ዕለት ከኋላህ ሲነዳ የነበረው። በጉና ግርጌ ያለውን ኮረኮንች እየወጣችሁ፣ አንዱ ያንዱን አቧራ እንዳይበላ ተራርቃችሁ ነበር። ሚካኤል ደጅ ስትደርሱ ሌሎቹ ከነሄልሜታቸው አማተቡ። አንተ ግን የአባየ ልጅ ነህ። «በቤተ ክርስቲያን ደጅ ራሱን ሸፍኖ የሚያልፍ፣ ከነጫማው መቅደስ እንደገባ ነው» እየተባልን አይደል ያደግነው? እሳቸውም በጉብዝናቸው ጊዜ ከበቅሎ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር የሚያልፉት። አወለቅህ፤ ተሳለምህ። ማርያም ደግሞ ከማዶ ጉብታ ላይ ትታያለች። ሁለት ጊዜ ከማውለቅ ብለህ ሄልሜቱን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ ነዳህ። ምናለ «አጥልቀው እንጂ አንተ!» ብሎ ጮኸ። «ማርያም ይችውና፣ ምን አስቸኮለህ?» አልከው።

በመካከላቸው አንዲት ኩርባ ብቻ ነበረች። ጠጠሩ የፊት ጎማህን ወሰደው። ሄልሜቱ ሣር ላይ ተንከባሎ ቆመ፤ አንተ ድንጋዩ ላይ ወደቅህ።

ይህን ለአባየ እንዴት ብዬ ልንገር? ልጅዎ ያስተማሩትን ሲያደርግ ሞተ ልበል? ዝም ብል ይሻል ነበር። ግን እሑድ ጓደኞችህ ያንኑ መንገድ በሞተር ሊሄዱት ነው፤ ኩርባዋ ላይ ጸሎት ሊያደርሱ። አባየም «ልጄ የወደቀበትን በዓይኔ ሳላይ አልሞትም» ብለው ከምናለ ኋላ ሊፈናጠጡ ቆርጠዋል፤ ያንተን ሄልሜት አድርገው። እማየ አለቀሰች፣ ጎረቤት ለመነ፣ አያ በላቸው የሰይጣንን በቅሎ አነሡ፤ ወይ ፍንክች! ምናለም እምቢ ማለት አቃተው። እንግዲህ ሚካኤል ደጅ ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ አንተም እኔም እናውቃለን። ያወልቁታል። ማርያምም ከማዶ ትታያለች።

ትናንት ልምምድ ነው ብለው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሄልሜቱን ደፍተው ግቢ ውስጥ ተንጎራደዱ። ጨረቃ ላይ የወጣ የእድር ዳኛ መሰሉ። ሳቄን አፍኜ ሳያቸው ማሰሪያውን አልቆለፉትም።

ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ከእሑድ በፊት እነግራቸዋለሁ። ይጠሉኝ፣ ጥፋቱንም ራሳቸው ላይ ይጫኑት፤ ግን በሕይወት ኖረው ያልቅሱ። እኔ ሁለተኛ ተዝካር ማውጣት አልችልም።

አንተን ደግሞ አልረሳህም። ድንኳኑ ውስጥ ሲያሞግሱት የነበረውን ያንን ጭምት ልጅ አላውቀውም፤ እሱን እነሱ ያስታውሱት። እኔ የማስታውሰው ነጭናጫውን፣ ሽቶ የሚሰስተውን፣ ሁለት ጊዜ ማውለቅ የሚታክተውን ሰነፉን ወንድሜን ነው። ስንፍናህን ጭምር እስክሞት እይዘዋለሁ።

የጓሮው በር ተንቋቋ። አባየ ናቸው፤ ሄልሜቱን እንደገና ደፍተውታል። ይህን የምጽፍበትን ወረቀት ሞተርህ ሸራ ሥር ልሸጉጥ ስል አዩኝ።

«አንቺ ትርንጎ! ምንድን ነው የምትደብቂኝ? ነይ እስቲ፣ ይኸን ማሰሪያ ቆልፊልኝ።»