እያንዳንዱ በራሱ እስክሪብቶ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2020

ከሥራ አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል። የሠላሳ ስምንት ሰው ደም ቀዳሁ ዛሬ። አንዱ ሽማግሌ ፈረንጅ "አላመመኝም እኮ" ብሎ መረቀኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ደህና ነገር የሰማሁት ያንን ብቻ ነው።

ጋሼ በቀለ ደወሉ። "ፋናዬ፣ ኖቬምበር 8 የእድሩ ምርጫ ነው። ቆጠራውን አንቺ ትይዢልኛለሽ።" ይመችሻል ወይ የለ፣ ምን የለ… ትይዢልኛለሽ!

የእድራችን ዳኛ ከሆኑ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው። በየሁለት ዓመቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ "ጋሼ በቀለ ይቀጥሉ የምትሉ" ይባላል፣ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይበላል። እስከ ዛሬ ማንም ምንም ቆጥሮ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን በኮቪዱ መሰብሰብ የለም። "በመኪና እየመጣን በወረቀት ይሁን" ያልኩት እኔው ነኝ። "ደግ ብለሻል" አሉኝ። ተወዳዳሪም አለች አሉ፤ ሳምራዊት፣ በዲቪ የመጣችው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ የምታድለው። "ለወጉ ያህል ነው" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 1

ከሥራ ባዶ የጓንት ካርቶን ይዤ መጣሁ፤ አፉን በቢላ ቀደድኩት፣ ሣጥን ሆነ። ወረቀቱን በመቀስ ቆራረጥኩ። ባዶ ወረቀት ነው፤ ሰው የፈለገውን ስም ይጽፍበታል። ማስታወቂያው ላይም "እስክሪብቶ መዋዋስ ስለማይቻል እያንዳንዱ በራሱ እስክሪብቶ ይጻፍ" ብዬ ጨመርኩ። ጠንቃቃ መሆኔ ነው።

መቀሱን ስፈልግ መሳቢያው ውስጥ ያቺን ቁራጭ ወረቀት አገኘኋት። በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ ከሱዳን ስመጣ ጋሼ በቀለ ኤርፖርት ላይ የሰጡኝ። ስማቸውና ስልካቸው። ስማቸው ሥር ሁለት መስመር። እስከ ዛሬ እንደዚያው ናቸው፤ የማንንም ስም ሲጽፉ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምራሉ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያስገቡኝ እሳቸው። ባሌን የቀበሩልኝ እሳቸው።

ታዲያ የፊታችን እሑድ ምን ልጽፍ ነው?

ለምን እንደምጠይቅ አውቀዋለሁ። ጁላይ ላይ የአዲሷ አባላችን የስጦታ ባል ዋለልኝ በኮቪድ ሞተ። እድር ከገቡ ዐሥራ አንድ ወራቸው ነበር። ደንቡ ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው አባል እድሩ አይቆምም ይላል። ስጦታ እያለቀሰች ለጋሼ ብትደውል፣ "ደንብ ደንብ ነው ልጄ፤ አንድ ወር ይጎድላል" አሏት። አንድ ወር! ቀብሩ ላይ ስድስት ሰው ቆምን። አንዷ ሳምራዊት ናት። ከዚያ በኋላ እስከ አርባው ምግብ በመኪናዋ ያመላለሰችውም እሷ ናት። እኔ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሄድኩት…

እሑድ፣ ኖቬምበር 8

ትናንት የትልቁ፣ የፕሬዝዳንቱ ምርጫ ውጤት ታወቀ። የእኛዋ ኔቫዳ ስትቆጥር ስትቆጥር ሰው አፍዝዛ ከረመች። እኛ በአንድ ሰዓት ጨረስን። ባንጨርስ ይሻል ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ በመኪና ሞላ። ጋሼ በቀለ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው መግቢያው ላይ ቆመው ለሁሉም እጅ ይነሳሉ። ሁሉም ከመስኮቱ አንገቱን እያወጣ "እድሜ ይስጥዎ ጋሼ!" ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ይነዳና ወረቀቱን ካርቶኑ ውስጥ ይከታል።

አብራኝ የቆጠረችው ሐሴት ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ አካውንታንት። እኔ እየከፈትኩ አነባለሁ፣ እሷ መስመር ትጭራለች። ሳምራዊት… ሳምራዊት… በቀለ… ሳምራዊት… ሐሴት እስክሪብቶዋን አቆመች። "እትዬ ፋናዬ፣ አር ዩ ሹር?" አሳየኋት። አማርኛ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ቢሆንም አየች።

ሳምራዊት 127። ጋሼ በቀለ 44።

ስነግራቸው "እሺ" አሉ። ከዚያ "ሰዉ ወረቀት መሬት ላይ እንዳይጥል ንገሪ" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከኋላ ሳያቸው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። አንጀቴን በሉት።

ማን ምን እንደጻፈ እንዳልናገር ቄሱ በመስቀል አስምለውኛል። ግን አንዲት ወረቀት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነበር የተጻፈችው። ሳምራዊት ትላለች። በአረንጓዴ የሚጽፍ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ስሙን እዚህም አልጽፈውም።

የእኔስ? የእኔም ሳምራዊት ነበር። ይኸው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9

ስልክ ብቻ። ዐሥራ ሁለት ሰው ደወለ። ዐሥራ ሁለቱም የመረጡት ጋሼን ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11

የጋሼ ድምፅ አርባ አራት ነው። "እኔስ ለእሳቸው ነው የሰጠሁት" ብሎ የማለልኝ ሰው ዛሬ ሥልሳ ሦስት ደረሰ። ቆጥሬያለሁ! አርባ አራት ሰው እንዴት ሥልሳ ሦስት ሆኖ ይደውላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እውነቱን የነገረችኝ ሙሉአለም ብቻ ናት፤ ሆቴል ክፍል የምታጸዳው፣ እዚሁ ፓራዳይዝ ሰፈር ጎረቤቴ።
"ፋኒዬ፣ እኔ እኮ ያሸንፋሉ ብዬ ነው!"
"ታዲያ ለምን ሳምራዊትን ጻፍሽ?"
"ትንሽ ደንገጥ እንዲሉ ነዋ! ሰዉ ሁሉ እንደኔ ያስባል ብዬ በየት ልወቅ?"
ከዚያ አለቀሰች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 15

ኃይሉ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ያዘኝ። የእድሩ ጸሐፊ ኃይሉ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፈው ኃይሉ። ሰው እየሰማ "ፍሮድ ነው ይሄ፣ ማጭበርበር!" አለኝ። "አንብቢ ሲሉሽ የፈለግሽውን ስም ስታነቢ፣ ያቺ ማንበብ የማትችል ልጅ ስትጭር!"

"ወረቀቱ ታሽጎ ተቀምጧል። አምጥተን ሰው ፊት እንቁጠረው" አልኩ።

"የምን ቆጠራ! እንደገና ይመረጥ። በእጅ! ዓይን ለዓይን እየተያየን!"

አዎ… ቆጠራ አይፈልግም። ይፈልጋል እንዴ!

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ዝም ብዬ ቆሜ ስሰደብ ዋልኩ። እሱ ጋሼን ክንዳቸውን ይዞ መኪናቸው ድረስ ሸኛቸው። አረንጓዴው የኃይሉ ነው! ጻፍኩት! ቃለ ጉባኤውን ሁሉ በአረንጓዴ የጻፈው ኃይሉ! መሐላው አፌን እንጂ ደብተሬን አላሰረም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 26

ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ የምስጋና ቀን። በየዓመቱ ሰመርሊን ሰፈር ጋሼ ቤት ነው የምውለው። ዘንድሮ ባለቤታቸው ዕንቁ ደወለች፤ "በኮቪዱ ምክንያት ሰው አልጠራንም" አለችኝ። እሺ አልኩ። ማታ ፌስቡክ ስከፍት የጋሼ ቤት ጠረጴዛ… ቱርኪውን የሚቆርጠው ኃይሉ ነው።

ሩዝ በልቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 19

የእድሩ ስብሰባ በዙም። ሦስት ሰዓት! ግማሹ ሰው ድምፁን መክፈት አያውቅም፣ ግማሹ መዝጋት አያውቅም። ኃይሉ ብቻውን አንድ ሰዓት አወራ። መጨረሻ ላይ ሳምራዊት፣ "ጋሼ በቀለ ካላመኑበት እኔም ወንበሩ ላይ አልቀመጥም፤ መሰብሰብ ሲፈቀድ በእጅ ይሁን" አለች።

አሸንፋ! በ127 ድምፅ!

ደወልኩላት። "ምን ነካሽ አንቺ?"
"እትዬ፣ እሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ልከራከር? አባቴን ነው የሚመስሉኝ።"
ይቺም! ይሉኝታ የማይገባበት ቤት የለም ማለት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እጅ ያስወጣን ማን ሆነና?

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021

የገና ዋዜማ። ቴሌቪዥኑ ምርጫ ተሰረቀ ባዮች ዋሽንግተን ላይ ያስነሱትን ግርግር ያሳያል። ኃይሉ ደውሎ "የተጭበረበረ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አየሽ?" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዕንቁ ደወለች። ጋሼ ክትባት ቀጠሮ አላቸው፣ ልጆቹ ሥራ ናቸው፣ እሳቸው ሃይዌይ ላይ መንዳት ትተዋል። ሄድኩ። ከኖቬምበር ወዲህ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያ ነው።

ከተወጉ በኋላ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ ተባልን። ወንበሮቹ ይራራቃሉ። "ሰው ምን አደረግሁት ፋናዬ?" አሉኝ ድንገት። "አንድ ሰው እንኳ አልመረጥኩህም ያለኝ የለም። ታዲያ ማነው ያልመረጠኝ?"

አላስቻለኝም።
"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እኔ ሳምራዊትን ነው የጻፍኩት።"

ክንዳቸው ላይ የተለጠፈችውን ፕላስተር አዩ።
"ለምን?"
"ስለ ዋለልኝ። ስድስት ሰው ነው የቀበረው።"
"ደንቡ ሲጸድቅ አንቺም ነበርሽ። እጅሽን አውጥተሻል።"

እውነታቸውን ነው። አውጥቻለሁ። ባላምንበትም አውጥቻለሁ፤ እሳቸው ፊት ለፊት ቆመው ነበራ።

"ሌላስ ማን ነው?"
"ምያለሁ፣ ጋሼ።"

ሰመርሊን ቤታቸው መለስኳቸው። ሲወርዱ በሩን እንኳ አልዘጉትም። ሠላሳ ዓመት "እግዜር ይስጥልኝ" ሳይሉኝ ከመኪናዬ ወርደው አያውቁም። ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር እናቴ። ምነው ዝም ባልኩ!

እሑድ፣ ሜይ 2

ፋሲካ። እንኳን አደረስዎ ልል ደወልኩ። ዕንቁ "ተኝቷል" አለችኝ። እሳቸው? በፋሲካ? ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ?

ሦስት ወር ሞላ። የነገርኳቸው እኔ ብቻ፣ የተጣላሁት እኔ ብቻ። ዋሾው ሁሉ ቤታቸው እየገባ ዶሮ ይበላል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 22

ስጦታ ለደም ምርመራ መጣች። ክንዷን እያሰርኩ "ጋሼ በቀለ መጥተው ነበር እኮ" አለች።
"የት?"
"ቤቴ። ብቻቸውን፣ በታክሲ። የዋለልኝን ፎቶ እያዩ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ውኃ እንኳ አልጠጡም። ሲወጡ 'እግዜር ያጥናሽ' አሉኝ።"
"ከዐሥር ወር በኋላ…"
"ከዐሥር ወር በኋላ" አለች። ክንዷን በአልኮል ጠራርጌ ደሟን ቀዳሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 12

መሰብሰብ ተፈቅዷል፤ ምርጫው ነገ ነው። በእጅ። እሳቸው ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ እኔ እጄን ምን አደርገዋለሁ? ካወጣሁ ፌብሩዋሪ የተናገርኩት ውሸት ነው። ካላወጣሁ ጋሼን ለዘላለም አጣኋቸው። ሙሉአለም "አመመኝ በይ፣ አትሂጂ" ትላለች። ባዶውን ካርቶን ግን መኪናዬ ኋላ ጫንኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እሑድ፣ ጁን 13

ውጪው እሳት ነው። አዳራሹ ጢም አለ። ከዓመት በላይ ያልተያየ ሰው ይተቃቀፋል፣ ይላቀሳል። ኃይሉ መድረኩ ላይ ወጥቶ "ጋሼ በቀለ ይቀጥሉልን የምትሉ!" አለ።

እጅ በእጅ ሆነ። ሙሉአለም አወጣች። ዕንቁ አወጣች። ሐሴት ግራ ቀኝ አይታ አወጣች። ሳምራዊት ራሷ… ራሷ አወጣች! ከፊት ተቀምጣ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

እኔ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጣምሬ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ስጦታም አላወጣችም፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። ጋሼ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አላቀረቀርኩም። እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

ኃይሉ "በሙሉ ድምፅ!" ብሎ ማጨብጨብ ሲጀምር ጋሼ እጃቸውን አነሱ።
"ፋናዬ፣ ያ ካርቶን የት ነው?"
"መኪናዬ ውስጥ።"
"አምጪው።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "እናንተም እጃችሁን አውርዱ፣ ይደክማችኋል። አንድ ሰው ብቻ ነው ዛሬ የማምነው፤ እሷም እጇን አላወጣችም።"

ሮጬ አመጣሁት። ወረቀቱን ሐሴት ቆራረጠች። ኃይሉ ሰማያዊ እስክሪብቶ ከሰው ሲዋስ አየሁት። ምን እንደጻፈ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ሳምራዊት 133። ጋሼ በቀለ 35።

ጋሼ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ለሳምራዊት አስረከቧትና "የመጀመሪያ ሥራሽን እኔ ልንገርሽ" አሏት። "የዋለልኝ ሙት ዓመት ጁላይ ላይ ነው። እድሩ ይቁምለት።" ስጦታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ስንወጣ ዕንቁን "አንቺ ሂጂ፣ እኔ በፋናዬ መኪና ነው የምመጣው" አሏት። መንገዱን ሁሉ ስለ ሙቀቱ አወራን። ሲወርዱ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፣ በሩንም ዘጉት።

ለማንም የማልናገረው አንድ ነገር ቀረ። ቆጠራው ሊያልቅ አካባቢ አንዲት ወረቀት ከፈትኩ። "ወይዘሮ ሳምራዊት" ትላለች። ከሥሯ ሁለት መስመር።

"ሳምራዊት" ብዬ አነበብኩ። ወረቀቱን ቶሎ አላስቀመጥኩም መሰለኝ፣ ሐሴት ቀና አለች።
"እትዬ፣ አር ዩ ሹር?"
"አዎ" አልኳት። የዛሬውን አላሳየኋትም፤ አጥፌ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።