ሬሳው ስለ መጮኹና ነፍሱ ስለ ተንጠለጠለችበት መንጠቆ

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በሬሳነት ሥራ ላይ እያሉ ስለ መናገር

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እግርዎም ዘወትር ከመሬት የማይለቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ቤተሰቡ፣ ለልምምድ ጣሪያ ሥር ከሚሰቀለው መንትያ ወንድሜ በቀር ሁላችንም መሬት ላይ ስለምንውል፣ ደኅና ነን።

በፊርማዎና በክብ ማኅተም አስከብረው የላኩልኝን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ተቀብያለሁ። «በመጨረሻው ልምምድ ላይ ሬሳ ሆኖ ሳለ ዓይኑን በመግለጡ፣ በመጮኹና ከሞት አልጋው ዘሎ በመነሣቱ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤ እንባዬ እስኪፈስ ስቄአለሁ፤ ስላሳቁኝም እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ሙያ ውስጥ በሕይወት እያለ ዝም በማለቱ የተሾመ ሰው አይቻለሁ፤ ሞቶ በመናገሩ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ይህ ደብዳቤ ለሁሉም የሚነበብ ስለሆነ ለማያውቁን ሰዎች ነገሩን ላስረዳ። በአዲሱ ተውኔታችን አንድ አዛውንት ይሞታል፤ ነፍሱም ከሥጋው ተለይታ በገመድ ወደ ጣሪያው ትወጣለች። ሥጋው እኔ ነኝ። ነፍሱ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞኝ በመወለዱ እስከ ዛሬ «ጋሼ በለኝ» የሚለኝ መንትያ ወንድሜ ነው። ነፍስ ክብደት የላትም ይባላል፤ የእኛዋ ግን ምሳዋን የማትዘል፣ ደረጃ ስትወጣ ጣውላው የሚያቃስትላት ነፍስ ናት። ይህች ነፍስ በጀርባዋ በኩል በአንዲት መንጠቆ ተይዛ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ እየዞረች ልክ ከሆዴ በላይ ትንሳፈፋለች። መንጠቆዋ ከተከፈተች ነፍስ ወደ ሥጋዋ ትመለሳለች ማለት ነው፤ ያውም በፍጥነት።

እንግዲህ ነገሬ ቅሬታ እንዳይመስልብኝ በምስጋና መልክ፣ በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ውበት አስተያየትዎ አመሰግናለሁ። መንጠቆዋን ወደሸጠችልዎት፣ የተራራ መውጫና የከፍታ ሥራ ዕቃ ወደምትነግደው ሴትዮ ሱቅ ሄጄ ነበር። ምን እንደሚንጠለጠልበት ጠየቀችኝ፤ «ነፍስ» አልኋት፤ እርሷም ሳትስቅ «ስንት ኪሎ ናት?» አለችኝ። እርስዎ በሄዱ ጊዜ ግን የጠየቁት «የትኛው ያምራል?» ብለው እንደነበር ከእርሷው ሰማሁ። ትንሿን ወርቃማ መንጠቆ ሲያነሡ «እሷ የቁልፍ መያዣ ናት ጌታዬ፣ ሰው አትይዝም» ብትልዎት፣ «ሰው አይደለም፣ ነፍስ ነው» ብለው መልሰውላታል። በጎኗ ላይ «ሸክም አይንጠልጠልባት» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾባት ነበር፤ ጽሑፉ በመብራት እያብረቀረቀ ስላስቸገረዎት በወርቅ ቀለም አስሸፈኑት። አደጋን እንዲህ ባጭሩ የሚያስወግድ አስተዳደር ከወዴት ይገኛል? ሴትዮዋ አክላ እንደነገረችኝ፣ ሰው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ የሚችለው ጭነት በግልጽ የተጻፈበት፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ሰውየው በታጠቀው ማሰሪያ ውስጥ በጎኑ የማይጋደም መሆን አለበት፤ በቁመቱ የሚችለውን ሸክም በጎኑ ሲጋደም አይችለውምና። የእኛዋ በጎኗም በቁመቷም የምትችለው የመጋዘን ቁልፍ ነው።

፪ኛ. ጸጥታ በማስከበርዎ አመሰግናለሁ። መንጠቆ የሚቆለፍበት መንገድ፣ በሴትዮዋ አነጋገር፣ በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ የመንጠቆውን አፍ በሚዘጋው በር ላይ ያለውን ቀለበት በእጅ ጠምዝዘው የሚዘጉት ሲሆን፣ ከፊቱ ሆኖ ዓይኑና እጁ ለሚደርስለት ሰው መልካም ነው። ሌላው ሲለቁት ራሱን የሚቆልፍ፣ ሊከፍቱት ሲሹ ግን ቀለበቱን ገፍተው፣ አዙረው፣ ከዚያ በሩን ተጭነው ብቻ የሚከፈት ነው፤ ለሚሽከረከርና ጀርባውን ማየት ለማይችል ሰው የሚመረጠውም ይኸው ነው። ነፍስን በገመድ የሚያወጣትና የሚያወርዳት የመዘውር ሠራተኛችን ይህን ሁለተኛውን አንድ ቀን ተውሶ ቢያመጣ፣ ሲዘጋ «ቀጭ» ስላለ «ነፍስ ቀጭ ብላ አትወጣም» ብለው አስመለሱት። ልክ ነዎት፤ ነፍስ የምትወጣው ጸጥ ብላ ነው፤ የወንድሜም በዚሁ መንገድ ለመውጣት ተቃርባ ነበር።

ወርቃማዋ በእጅ የምትጠመዘዘው ዓይነት ናት። ወንድሜ በዞረ ቁጥር ነጩ መጎናጸፊያው ቀለበቷን እየጠረገ ይፈታታል። ስትፈታ ከሥሯ ቀይ መስመር ብቅ ይላል፤ ትርጉሙም «አልተዘጋሁም» ማለት ነው። እርስዎ ይህን ቀይ ብልጭታ ከወንበርዎ ሆነው አይተው «ጥልቅ ምሥጢር አለው፣ ይቀመጥ» ብለዋል። ወንድሜ ሊያየው አይችልም፣ ከጀርባው ነውና፤ በቅርብ ሊያየው የሚችለው ከሥሩ የተጋደመው ሬሳ ብቻ ነው፤ ሬሳው ደግሞ ዓይኑን እንዲጨፍን ታዟል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ባመለክት፣ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሬሳ እንዴት አየ?»

፫ኛ. ስለ መብራቶቹ። እያንዳንዳቸው ራሱን በሚቆልፍ የብረት መንጠቆ ተሰቅለው፣ በላዩ ላይ መጠባበቂያ ሰንሰለት አላቸው። ደስ ብሎኛል፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ወንድሜ ደስተኛ መሆኑ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዘበኛ፣ ሁለተኛ ወታደር፣ አንድ ጊዜም ዛፍ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። አሁን ወደ ላይ ሲነሣ አዳራሹን የሚጠርጉት ሴቶች ሳይቀሩ መጥረጊያቸውን ጥለው ያጨበጭባሉ። ቤት ሲገባ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እየዘረጋ ይለማመዳል፤ ሚስቱም ራቱን እዚያው ታጎርሰዋለች። ስለ መንጠቆዋ በነገርሁት ቁጥር «ሬሳ ስለሆንህ ቀንተህ ነው» ይለኛል። በእውነትም ሲያምር! በአንድ ዓይኔ አጮልቄ እያየሁት በደስታ እስቃለሁ፤ ወዲያውም ዓይኔ ወደ መንጠቆዋ ይሄዳል። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ይህንን በደብዳቤ እንጂ በአፌ ነግሬው አላውቅም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ውስጥ የገባች አንዲት ትንሽ ስሕተት በትሕትና ላርም። የጮኸው ሬሳ እኔ አይደለሁም። ወንድሜ አላምን ስላለኝ በመጨረሻው ልምምድ ልብስ ተለዋወጥን፤ እኔ ነፍስ ሆንሁ፣ እርሱ ሬሳ። መልካችን አንድ በመሆኑ ከመዘውር ሠራተኛው በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እርስዎማ «ነፍስ ዛሬ ይበልጥ ቀልሏታል» ብለው አመስግነውኛል። ቀለበቷን ጥፍሬ እስኪነቀል አጥብቄ ነበር፤ ወንድሜንም ቀዩን ሲያይ ምልክት እንዲሰጥ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ እንዲገልጥ ለመንሁት።

ከዚያ ወጣሁ። ምን ልበልዎት! እግሬ ከጣውላው ሲለቅ ልጅ ሆንሁ። አዳራሹ ከሥሬ ዞረ፤ የእርስዎ ራስ ሳንቲም አከለች፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ መንጠቆ የሚባል ነገር በዓለም መኖሩንም ረሳሁ። ወንድሜ ለምን እንደማይሰማኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ሳስብ ነው ከሥሬ «አውርዱት! ወንድሜን አውርዱት!» የሚል ጩኸት የሰማሁት። ሬሳው ከአልጋው ዘሎ ተነሥቶ፣ ከፈኑን እየረገጠ፣ ሊቀበለኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሥሬ ይሮጥ ነበር። የመዘውር ሠራተኛው ቀስ አድርጎ አወረደኝ። ቀለበቷ ተፈትቶ፣ በሯ ተከፍቶ፣ ማሰሪያዬ በአፏ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለራሱ አንድም ቀን ያልፈራው ሰው ለእኔ አንድ ዙር እንኳ መታገሥ አልቻለም። አቅፎኝ አለቀሰ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ጀመረን፤ ይህን ስጽፍ እንኳ አልለቀቀንም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ወደ ትክክለኛው ሬሳ እንዲዛወር በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ቦታ መርጧል። ራሱን የሚቆልፈው፣ ጭነቱ የተጻፈበት፣ አፈ ሰፊው መንጠቆ እስኪመጣ ድረስም አዛውንቱ በየምሽቱ በደንብ ይሞታል እንጂ ነፍሱ አትወጣም። ወንድሜ አይወጣም፤ እኔም አልወጣም፤ እናታችን ደግሞ ሦስተኛ አልወለደችልዎትም።

ለጥበብ ያለዎትን ፍቅር፣ ለወርቅ ቀለም ያለዎትን እምነት፣ ለሬሳ ሥነ ሥርዓት ያለዎትን ጥብቅነት እያደነቅሁ፣ ጀርባዬን ከመሬት ሳላነሣ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ ሟች

ግልባጭ፦
ለነፍስ
ለመዘውር ሠራተኛው
«ስንት ኪሎ ናት?» ላለችው ሴትዮ

ማስታወሻ፦ በምረቃው ዕለት የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉት እርስዎ መሆንዎን ሰምተናል። ንግግሩን ከጣሪያው በወርቃማዋ መንጠቆ እየወረዱ ቢያደርጉት ያምርብዎታል ብለን ማሰሪያውን በልክዎ አስፍተን አዘጋጅተናል። ሥጋት አይግባዎት፤ ከታች የምንጠብቅዎት ሁላችንም፣ በማስጠንቀቂያው መሠረት፣ ዓይናችንን ጨፍነን ምንም ነገር ብንሰማ ድምፃችንን አናሰማም።