የአባባ እጅ በሁለት ደቂቃ

...ቀኝ እጁን ነበር የያዝሽው ወይስ ግራውን? ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ስቦ፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ ብሎ፣ ከዚያ...

ይቅር በይኝ እታለም፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ዘው አልኩብሽ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማማ ዓይን እንዴት ሆነ፤ ጠብታውን ሳትሰለች ታደርጋለች? እኔ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

ስልካችንን ሰብስበውብን ኮሪደር ላይ ተቀምጠናል። የእንግሊዝኛውን ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ልፈተን ነው። ዛሬ ከወደቅሁ እዚህ አገር በነርስነት አይመዘግቡኝም፤ አሥራ አንድ ዓመት መርፌ የያዘ እጄ የሌሎች ነርሶችን ወለል ሲወለውል ይኖራል። የሚጥለኝ ንግግሩ ነው። "የማትረሺውን ቀን ተናገሪ" ይሉሻል፤ ሁለት ደቂቃ።

ስለ ምርቃቴ ስለማመድ የምታስጠናን ሴትዮ፣ "የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው እንዴ የምታነቢልኝ? ሰው አልሞተብሽም?" አለችኝ። አንቺ የነገርሽኝን የአባባን የመጨረሻ ቀን ጀመርኩላት። "እህቴ እጁን ይዛ" ስል ሰዓቱን አቆመችው። "እህትሽን ተያት። እኔ ያዝኩ በይ፣ ምላስሽ ይፍታታል።"

እውነቷን ነው፤ ተፍታታ። ሁለት ወር ሙሉ ወለል ስወለውል፣ አውቶቡስ ስጠብቅ እጁን ያዝኩ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ላይ አባባ ይሞታል፤ በቀረችው ሃያ ሰከንድ ምን እንደተማርኩ እናገራለሁ። አንቺን ከክፍሉ አስወጣሁሽ፣ እታለም። መስኮቱን ክፈቱ ያለው እሱ ይሁን፣ እኔ የጨመርኩት ይሁን፣ ጠፋኝ። ባለፈው እማማ በስልክ "አንቺ እንኳ አልደረስሽለትም" ስትለኝ፣ "ነበርኩ እኮ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

እኔ የማልረሳው የዚያኑ ቀን ሌላ ነገር ነው። ስትደውዪልኝ ስልኬ ሲጠራ አይቼዋለሁ። ተኝቼ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው። ለዚሁ ፈተና የማዳመጥ ልምምድ ላይ ነበርኩ፤ ካቋረጥኩት ከመጀመሪያው ልጀምር ነው ብዬ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ስልክሽን አባባ ጆሮ ላይ አድርገሽለት እንደነበር ኋላ ነው የነገርሽኝ። ስንት ጊዜ እንደጠራ እሱ ሰምቷል።

ዛሬ ይህንን ልናገር ብል እንግሊዝኛው የለኝም። የአንቺን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ለዚያ ለአልቃሻውም ሰላምታዬ ይድረስ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን አሁንም ስለ እኔ ከጠየቀ፣ እየተማረች ነው በይው።

ከፈተናው ክፍል ደጃፍ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥር ፲፬።

ከእኔ በፊት ያለችው ልጅ ተጠርታ ገባች። በሩ ተዘጋ።