በረዶው ያመጣቸው ቀባሪዎች

ውድ ቶርልፍ፣

እኛ ቤርገን ከተማ ሆነን ዝናቡን እናማርራለን፤ እዚህ በረዶው መንገዱን ውጦት ተራራው ሥር በየመኪናችን ተሰልፈን ዋልን። ከፊቴ የሬሳ መኪና ቆሟል። የሟቹ ሚስት፣ አሮጊቷ ጉንቮር፣ «በዚህ አየር ማን ይመጣል? ኦስሙንዴን ከቄሱ ጋር ብቻችንን ልንቀብረው ነው» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሁላችንንም አስከትሎ ተራራውን አሻገረን። ማዶ ስንደርስ ግን ኦስሙንድ ከሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ያለው መንገድም ተዘግቷል። የመጥረጊያው ሹፌር፣ «መኪና ውስጥ ከምትደርቁ ግቡና ዘምሩ!» ብሎ ጮኸብን። የጭነት መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ ገባን። ጉንቮር ዞር ብለው ወንበሮቹ መሙላታቸውን አዩ።

«ኦስሙንድ ሰው ሲበዛበት አይወድም ነበር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ «ዛሬ እንግዲህ ይቻለው!»

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ሶልቬግን ሳምልኝ፤ ለእናትህም ደህና መሆኔን ንገርልኝ።

አርንፊን